የሞላ ሥራ

ሂጋሺ ኦሳካ፣ ከባቡር ድልድይ ሥር፣
የማታ ትምህርት ቤት፤ አንድ ሰሌዳ፣ ዘጠኝ ወንበር።
ዝናቡ ጣሪያው ላይ የራሱን ሒሳብ ሲደምር
እኔ በጠመኔ ሞላ እሥል ነበር፤
አንደኛው ጫፍ ከግድግዳ፣ ሌላው ጫፍ ከእጅ ጋር።

አቶ ኩዋባራ ከፊት ተቀምጠዋል።
ስድሳ አንድ ዓመታቸው፤ አርባውን ሽቦ ጠምዝዘዋል፦
ለፍራሽ፣ ለመዝጊያ፣ ለሚዛን፣ ለእስክሪብቶ ሆድ፣
ሲጫኑት የሚያኮርፍ፣ ሲስቡት የሚናደድ።
የዘይቱ ጥቁረት ከጥፍራቸው አልወጣም፤
እርሳስ ሲይዙ እንኳ እንደ ጉጠት ነው፣ አይላላም።

ጥያቄው ይኼ ነው፦ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር
አንድ ሞላ ሲሳብ፣ ጫፉ ላይ ሲገተር
ስድሳ ኒውተን ጉልበት ከክንድ ይወስዳል።
ከዜሮ እስከዚያ ድረስ ስንት ሥራ ይሠራል?

ስድሳን በርቀቱ አባዙ፤ አልዘገዩም።
ዐሥራ ስምንት ጁል። ከሥሩ ሁለት መስመር፤ አልተጠራጠሩም።

«ዘጠኝ ነው» አልኳቸው።
እርሳሱ ቆመ። ቀስ ብሎ ተነሣ ዐይናቸው።
«ግማሹን ማን በላው? አሠሪው ነው ደሞ?
ስድሳውን የያዘው ይኼ ክንድ ነው፣ ቆሞ፤
ትከሻዬን ጠይቂው፣ ውሸት አያውቅም እሱ።»
«ስድሳ የሆነው ግን መቼ ነው?» አልኩ፤ «ሲደርሱ
ወይስ ሲነሡ?»

ባቡር አለፈ ከላያችን። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ሞላ ሲጀምር ገር ነው፤ በጣት ይታዘዛል፣
አንድ ሴንቲ ሲርቅ ሁለት ኒውተን ይላል፣
ሁለት ሲርቅ አራት፣ ሦስት ሲርቅ ስድስት።
እንግዳን ይመስላል፤ ጠባዩ የሚወጣው
ሰንብቶ ሰንብቶ ነው፣ ቤቱን ሲለምደው።

መንገዱን ከተፍኩት፤ ሠላሳ ቁራጭ ሆነ፣
እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ ጉልበት ተመዘነ።
ደግሜ ከተፍኩት፣ እስኪጠፋ ጥርሱ፤
ደረጃው ተዳፋት ሆነ፣ ቀጥ አለ ራሱ።
«ከተዳፋቱ ሥር ያለው ሦስት ማዕዘን ነው፤
እርስዎ የቆጠሩት አራት ማዕዘኑን ነው፤
እላይ ያለው ግማሽ ማንም ያልከፈለው።»

ያንን ማንም ያልከፈለውን ግማሽ አዩት፤
ብዙ ቆይተው፣ እንደ ሰው ፎቶግራፍ አዩት።

«ባለቤቴ» አሉ፣ «ሺዙኖ፣ በመጨረሻው ዓመቷ
ማን እንደ ሆንኩ ጠፍቷት ነበር።
ማንኪያ ትወረውራለች። ካልሲ ሳጠልቅላት ትማታለች።
ሌሊት ተነሥታ በሩን ትደበድባለች፣
ቤቴ ውሰዱኝ ብላ፣ ቤቷ ውስጥ ሆና።
ሠላሳ ዓመት ነው አብረን የኖርነው።
ሰው ሲጠይቀኝ ‹ከባድ ነበር› እላለሁ።
ሠላሳውንም ነው የምለው፤
ያችን አንዲት ዓመት በሠላሳ አባዝቼ።»

ለዚህ ቀመር አልነበረኝም።
ጠመኔውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ሌላ ሠላሳ ብጨምርስ?» አሉ በመጨረሻ፣
ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው መስለው።
«ጠቅላላው ሠላሳ ስድስት ይሆናል፤
የፊተኛው ዘጠኝ፣ የኋለኛው ብቻውን ሃያ ሰባት።»
ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ማታ ነው።
«ይኼንንስ ትከሻዬም ያውቀዋል» አሉ።

ላጲስ አነሡ። ዐሥራ ስምንቱን ፈገፈጉ።
ግን ሲጽፉ እርሳሱን አጥብቀው ኖሯል፤
ቀለሙ ሲለቅ ጎድጓዳው አልለቀቀም።
ዘጠኝን እዚያው ጎድጓዳ ላይ ጻፉት።

ነገ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ማሽኑ ይነሣል፤
ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ፣ ቸኩለው።
ወንበራቸው ላይ አንዲት ሞላ ቀርታለች፣
ከኪስ ሾልካ ይሁን ወይ ተትታ፣ አላወቅኩም፤
ከጣት የማትረዝም፣ ገና ዘይት ዘይት የምትል።
ባዶ ክፍል ውስጥ ጫፏን ይዤ ሳብኩ፣
ጥቂት። ገና ነው።
አልከበደችም።